በሰው አገር ቤት ለሚገዛ ሰው ደላላው የማን ነው?

ሰው በተወለደበት አገር ቤት ሲገዛ፣ ምንም እንኳ ጠበቃ ባይዝ፣ ብዙ ጠባቂ አለው። ግድግዳው በየትኛው ክረምት እንደ ተሰነጠቀ፣ ባለቤቱ ከወንድሙ ጋር በርስት መካሰሱን፣ ወንዙ በነሐሴ እስከ የት እንደሚደርስ ጎረቤቱ ሳይጠየቅ ይነግረዋል። በሰው አገር የሚገዛ ግን ይህ ሁሉ የለውም። ቋንቋውን ቢያውቅ ሕጉን አያውቅም፤ ሕጉን ቢያነብ ልማዱን አያውቅም። ስለዚህ እንግዳው ካገሩ ወጥቶ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው ፈገግ ያለ ፊት የደላላው ፊት ነው። ደላላው በመኪና ያዞረዋል፤ ምሳ ይጋብዘዋል፤ የልጆቹን ስም ጠይቆ ያስታውሳል። እንግዳውም ያን ሰው እንደ ጎረቤቱም፣ እንደ ጠበቃውም፣ እንደ ዘመዱም አድርጎ ይቈጥረዋል። የብዙ ዓመት ጥሪት የሚጠፋው ከዚህ ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፣ አብርሃም ሣራን የሚቀብርበት ስፍራ በፈለገ ጊዜ በኬጢ ልጆች መካከል እንግዳና መጻተኛ ነበረ። ወደ ባለርስቱ ወደ ኤፍሮን በቀጥታ አልሄደም፤ የአገሩን ሰዎች አማላጅ ይሆኑት ዘንድ ለመነ። ኤፍሮንም መጀመሪያ እርሻውንና ዋሻውን እንዲያው እሰጣለሁ አለ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን ዋጋውን ጠራ። አብርሃም በነጻ ተሰጠኝ ብሎ አልወሰደም፤ አራት መቶ ሰቅል ብር በሚዛን መዝኖ ሰጠ፤ እርሻው፣ ዋሻው፣ በዳርቻው ያሉት ዛፎች ሁሉ ሳይቀሩ ተቈጥረው በከተማይቱ በር በሚገቡት ሁሉ ፊት ጸኑለት። በዚያ ታሪክ ውስጥ አማላጅ አለ፣ ምስክር አለ፣ ሚዛን አለ፤ ሦስቱም የተለያዩ ናቸው። ያሁኑ እንግዳ ስሕተቱ ሦስቱን ሥራ ላንዱ ለአማላጁ ብቻ መስጠቱ ነው።

ኢትዮጵያውያንም ቢሆኑ በሰው አገር ርስት መያዝን ከጥንት ያውቁታል። በኢየሩሳሌም በዐፄ ዮሐንስ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን፣ ንግሥት ዘውዲቱ በነቢያት መንገድ ያሠሩት ቤት፣ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ እያስያዙ ለገዳሙ የተዉአቸው ቤቶች ምስክሮች ናቸው። በዛሬው ዘመን ደግሞ ቤት የሚገዛው መነኩሴና መስፍን ብቻ አይደለም፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ የነዳ፣ በሆስፒታል ሌሊት ያደረ፣ በዱባይ ሱቅ የከፈተ ሰው ሁሉ ነው።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ፣ ደላላው ጨዋ ነው ወይስ አይደለም የሚለው አይደለም። ደላላው የማን አገልጋይ ነው የሚለው ነው። ጨዋ ሰው ለጌታው ታማኝ ነውና፣ ጌታው ሻጩ ከሆነ ጨዋነቱ ራሱ ለገዢው ጉዳት ሊሆን ይችላል።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ግልጽ ነው። የቤት ደላላውን የሚቀጥረው ሻጩ ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ሻጩ ነው። ሕግ ደላላውን በገዢው ላይ እንዳይዋሽ ያስገድደዋል፤ ክርክርን የሚሰማ ገለልተኛ ማኅበር አባል እንዲሆንም ያዝዘዋል። ዳሩ ግን ለገዢው ጥቅም እንዲቆም አያዝዘውም። ደግሞም ለዚህ ሥራ የመንግሥት ፈተና ማለፍ ግድ አለመሆኑ እንግዳ የሆነን ሰው ሊያስደንቀው ይገባል። ከዚህ በላይ የእንግሊዝ ልማድ ለእንግዳ የሚከብድበት ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ዋጋ ተስማምቶ እጅ ለእጅ መመታታት ምንም አለመሆኑ ነው። ውሉ በሁለቱ ወገን ጠበቆች እስኪለዋወጥ ድረስ ሻጩ የበለጠ የሰጠ ቢመጣ ይሸጥለታል። በዚህ መካከል ገዢው ለመሐንዲስና ለጠበቃ ያወጣው ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው። ደላላውም የበለጠውን ዋጋ ለሻጩ ማድረስ ግዴታው ነውና፣ ከዳኸኝ ብሎ ማዘን ዋጋ የለውም።

በአሜሪካ ግን ነገሩ ረጅም ዘመን በጨለማ የኖረ ነው። ሁለት ደላሎች አሉ፤ አንዱ የሻጩ፣ ሌላው ገዢውን በመኪና እያዞረ ቤት የሚያሳይ። ገዢው ሁለተኛውን «የእኔ ደላላ» ይለው ነበር። ሕጉ ግን ብዙ ዘመን ያንንም ሰው የሻጩ ደላላ ረዳት አድርጎ ይቈጥረው ነበር። ስለዚህ ገዢው በመኪናው ውስጥ «ሦስት መቶ ሺህ ብያለሁ፤ ግን ቢጠብቅብኝ እስከ ሦስት መቶ ሃያ እደርሳለሁ» ብሎ ያወጋው ምስጢር፣ በሕግ ለሻጩ ሊነገር የሚገባው ወሬ ነበር። የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሲዮን በ1983 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባወጣው ምርመራ፣ አብዛኞቹ ገዢዎች የሚያዞራቸው ደላላ ለእነርሱ የቆመ መስሏቸው እንደ ነበር ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ የየክፍለ አገሩ ሕግ እየተለወጠ፣ በእውነት ለገዢው የሚቆም ደላላ መቅጠር ተቻለ።

ሆኖም የገንዘቡ ነገር ሳይስተካከል ቀረ። ሻጩ ከቤቱ ዋጋ ከመቶ አምስት ወይም ስድስት ያህል ይከፍላል፤ ከዚያም የገዢው ደላላ ድርሻውን ይቀበላል። ገዢው «እኔ አልከፍልም» እያለ ይደሰት ነበር፤ ነገር ግን ያ ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ውስጥ ካልሆነ ከየት ይመጣል? በጥቅምት ወር 2023 በሚዙሪ ክፍለ አገር በካንሳስ ሲቲ የተቀመጡ ዳኝነት ሰሚዎች፣ የደላሎቹ ብሔራዊ ማኅበርና አንዳንድ ታላላቅ ኩባንያዎች የድለላው ዋጋ እንዳይወርድ ተስማምተው ሠርተዋል ብለው ፈረዱ፤ ካሣውም ወደ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በሚከተለው ዓመት ማኅበሩ 418 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ሥርዓቱን ለመለወጥ ታረቀ። ከነሐሴ 17 ቀን 2024 ጀምሮ በማኅበሩ መዝገብ የሚሠራ ደላላ ገዢውን ይዞ ቤት ከማሳየቱ በፊት፣ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ የተጻፈበት ውል ማስፈረም አለበት። ዋጋውም በሕግ የተቈረጠ አይደለም፤ በክርክር የሚቀነስ ነው። ይህን ወረቀት ሳያነቡ የሚፈርሙ ሰዎች ብዙ ናቸው። ውሉ ለስንት ወር እንደሚያስር፣ ገዢው ራሱ ፈልጎ ባገኘው ቤት ላይም ደላላው ይከፈል እንደ ሆነ፣ ሻጩ አልከፍልም ቢል ቀሪው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ ሁሉም ከዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ለመናገር የሚያስቸግር ነገር አለ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ ቤት የሚገዙት ባገራቸው ልጅ ደላላ እጅ ነው። ይህ መልካም ነው፤ ውሉን በአማርኛ ያስረዳል፤ ለእናቱ የታችኛው ክፍል እንደሚያስፈልገው ሳይነገረው ያውቃል። ነገር ግን ደላላው የክርስትና ልጁ አባት ወይም የማኅበር ጓደኛው በሆነ ጊዜ፣ ገዢው «ዋጋህን ቀንስልኝ» ወይም «መሐንዲስ አስመረምራለሁ» ለማለት ያፍራል። ይሉኝታ ከመቶ ሦስት ያህል ያስከፍላል ማለት ነው፤ ይህም በአምስት መቶ ሺህ ዶላር ቤት ላይ አሥራ አምስት ሺህ ዶላር ነው። ከዚህም የከፋው፣ አንዱ ሰው የሻጩም የገዢውም ደላላ ሲሆን ነው። ይህ በብዙ ክፍላተ አገር ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ ከፈቀዱ ይቻላል። ለሁለት ጌታ መገዛት እንደማይቻል ካህናት በየጊዜው ያስተምራሉ፤ የድለላ ሕግ ግን ይቻላል ይላል።

በእስፓንያ ደግሞ ሌላ ዓይነት አደጋ አለ፤ ስለዚህም ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ከሰሜን አውሮፓ ፀሐይ ፈልገው የሚወርዱ ሽማግሌዎች በዚያ አገር ባሕር ዳር ቤት መግዛት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ነው። በ2000 የወጣ ድንጋጌ የቤት ድለላን ሥራ ለማንም ሰው ከፈተው፤ ካታሎንያን የመሰሉ አንዳንድ አውራጃዎች በኋላ የደላሎች መዝገብ ቢያቆሙም፣ በሌላው ስፍራ ደላላ ለመባል ደጃፍ ላይ ሠሌዳ መስቀል ይበቃል።

በጥር ወር 2008 በአልሜሪያ አውራጃ፣ ቬራ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ የሁለት እንግሊዛውያን ባልና ሚስት ቤት በመንግሥት ትእዛዝ ፈረሰ። ባልና ሚስቱ ጡረተኞች ነበሩ፤ ቤቱንም የሠሩት የከተማው ማዘጋጃ ቤት በሰጠው ፈቃድ ነው። የአውራጃው መንግሥት ግን ያ መሬት ለቤት የተፈቀደ አይደለም፤ ማዘጋጃ ቤቱም ፈቃዱን ሊሰጥ አይገባውም ነበር ብሎ ተከራከረ፤ ረታም። ማሽኑ መጥቶ ቤቱን ናደው፤ ሰዎቹም በቀረው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ለመኖር ተገደዱ።

ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ከተለመደው የተለየ ነው። አንድ ደላላ እንዲህ ያለውን ቤት ሲሸጥ «ፈቃድ አለው» ቢል አይዋሽም፤ ወረቀቱ ማኅተም አለበት። የሐሰቱ ምንጭ ደላላው ሳይሆን፣ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንዱ የፈቀደውን ሌላው እየከለከለ መኖራቸው ነው። በአንዳሉሲያ ገጠር ከሥርዓት ውጭ የተሠሩት ቤቶች ብዙ ስለ ሆኑ፣ መንግሥቱ ኋላ ሕጋዊ የሚሆኑበትን መንገድ በሕግ እስከ መፈለግ ደረሰ። ማኅተም ይዞ የሚቀመጥ ሹም ሁሉ የዚያን ቤት ፍርስራሽ ቢያስብ፣ ባልተፈቀደለት ነገር ላይ ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት እጁ ጥቂት ይዘገይ ነበር።

ስለዚህ በእስፓንያ የሚገዛ ሰው ከደላላው ቃል ሌላ ሁለት መዝገብ ማስመርመር አለበት። አንደኛው የርስት መዝገብ ቤት የሚሰጠው አጭር ጽሑፍ ነው፤ በዚህ ላይ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ፣ ቤቱ በዕዳ ተይዞ እንደ ሆነ ይታያል። ሁለተኛው በማዘጋጃ ቤት የሚገኘው የመሬቱ አመዳደብ ነው። የመጀመሪያውን ደላላው ራሱ ብዙ ጊዜ ያመጣል፤ ሁለተኛውን ግን ካልተጠየቀ አያነሣም። በአፓርትማ ቤት ከሆነ ደግሞ ሻጩ ለኅንፃው ማኅበር ያልከፈለው የያዝነው ዓመትና ያለፉት ሦስት ዓመታት ዕዳ ከቤቱ ጋር ለገዢው ይተላለፋል። ቀብዱንም በሚመለከት የአገሩ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1454ኛው አንቀጽ እንዲህ ያለ ቀብድ የሰጠ ገዢ ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ሻጩ ቢተው ግን እጥፉን ይመልሳል ብሎ ደንግጓል። ቀብዱ በዚህ አንቀጽ መሠረት መሰጠቱ በውሉ ካልተጻፈ ክርክር ይነሣል፤ ገንዘቡ በደላላው ኪስ ተቀምጦ ከሆነም ክርክሩ ሦስት ወገን ይሆናል።

ገና ላልተሠራ ቤት አስቀድመው ለከፈሉ ሰዎች ደግሞ ከ1968 ጀምሮ ሕግ ነበራቸው፤ ይኸውም ሠሪው ኩባንያ የተቀበለውን ገንዘብ በባንክ ዋስትና ማስያዝ ነበረበት። በ2008 የግንባታው ሥራ በወደቀ ጊዜ ብዙዎች ዋስትናው እንዳልተሰጣቸው ያኔ አወቁ። በታኅሣሥ 21 ቀን 2015 የእስፓንያ የበላይ ፍርድ ቤት፣ ዋስትና መኖሩን ሳያረጋግጥ ያን ገንዘብ የተቀበለ ባንክ ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ብዙ ቤተ ሰብን አዳነ፤ ነገር ግን ሰባት ዓመት የጠበቁ ሽማግሌዎች ሁሉ ለማየት አልታደሉም።

ፈረንሳይ በዚህ ነገር የተሻለ ሥርዓት አላት። ከጥር 2 ቀን 1970 ሕግ ጀምሮ ደላላ ያለ ሥራ ፈቃድ ካርታና ከባለቤቱ ያለ ተጻፈ ውክልና አይሠራም፤ ሽያጩ በመጨረሻው ውል ሳይፈጸምም የድለላ ዋጋ አይቀበልም። ገዢው የመጀመሪያውን ውል ከፈረመ በኋላ ሐሳቡን ለመለወጥ ዐሥር ቀን አለው። የመጨረሻውንም ውል የሚጽፈው ኖቴር የሚባል የመንግሥት ሥልጣን የተሰጠው ውል አዋዋይ ነው። ብዙ እንግዶች የማያውቁት ነገር፣ ገዢው የራሱን ኖቴር ይዞ ሊቀርብ መቻሉ ነው፤ ሁለቱ ኖቴሮች አንዱን ክፍያ ይካፈላሉ እንጂ ወጪው አይጨምርም። ነቢዩ ኤርምያስ የአናቶትን እርሻ በገዛ ጊዜ የታተመውንና የተከፈተውን ውል በሸክላ ዕቃ አስቀምጥ ብሎ የሰጠው ለባሮክ ነበር፤ ባሮክም የሻጩ ሰው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲባል ደላላ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሠፈሩን ዋጋ የሚያውቅ፣ ጋዜጣ ላይ ያልወጣውን ቤት የሚያገኝ፣ ሻጩ ለምን እንደ ቸኰለ የሚገምት እርሱ ነው፤ ያለ እርሱ እንግዳው በባዕድ ከተማ ወር ሙሉ ይንከራተታል። ብቻ ሥራው ቤት መፈለግና ዋጋ ማቀራረብ ነው። ቤቱን የሚመረምረው መሐንዲስ፣ ውሉን የሚያነበው ጠበቃ ከደላላው ቢሮ የመጡ ካልሆኑ ነው ምርመራው ምርመራ የሚሆነው። ደላላው «እኛ ሁልጊዜ የምንሠራበት ጠበቃ አለ፤ ዋጋውም ርካሽ ነው» ባለ ጊዜ፣ ያ ጠበቃ በዓመት ውስጥ ስንት ሥራ ከደላላው፣ ስንት ሥራ ከዚህ እንግዳ እንደሚያገኝ ማሰብ ይበቃል።

በተለይ ውክልና የሚባለው ወረቀት ጥንቃቄ ያሻዋል። ገዢው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ደላላው «ለፊርማ ብለህ ከምትመላለስ ለእኔ ውክልና ስጠኝ» ይላል፤ ለድካም ያሰበ ይመስላል። ውክልናው ቤቱን መግዛት ብቻ ሳይሆን ማስያዝና መሸጥም የሚል ቃል ከያዘ፣ ገዢው ባገሩ ተቀምጦ ሳለ ቤቱ በሌላ ሰው ስም ሊዞር ይችላል። ለራሱ ጠበቃ፣ ለአንድ ቤት፣ ቁጥሩና ከፍተኛው ዋጋ ተጽፎበት የተሰጠ ውክልና ግን ከዚያ ቤት አያልፍም፤ ሥራው በተፈጸመ ማግስትም በተጻፈበት መዝገብ ፊት ይሻራል፤ የመሻሩም ወረቀት ለተወካዩ በእጁ እንዲደርሰው ይደረጋል።