የጓሮውን በር ማን ይዘጋል?

አንድ ሰው የፊቱን በር በብረት አጽንቶ የጓሮውን በልጥ ቢያስር፥ ሌባው በየት በኩል እንደሚገባ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም። በተንቀሳቃሽ ስልክ የምንጠቀምባቸው መተግበሪያዎችም ነገራቸው ይኸው ነው።

ስልኩና ሰርቨሩ መልእክት ከመለዋወጣቸው አስቀድሞ በየትኛው የምስጠራ ሥርዐት እንደሚነጋገሩ ይስማማሉ። ሥርዐቱ ዛሬ ቲ.ኤል.ኤስ. ይባላል፤ ከርሱ የቀደመው ኤስ.ኤስ.ኤል. ነበረ። ሁለቱም አዲሱን እያወቁ አሮጌውን «ለማንኛውም ይኑር» ብለው ካቈዩት፥ በመካከል የገባ ተንኰለኛ ስምምነታቸውን እያሰናከለ ወደ አሮጌው ሊያወርዳቸው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የጉግል ተመራማሪዎች «ፑድል» ብለው የገለጡት ጥቃት ይህንኑ አሳየ። በ1996 የወጣው ኤስ.ኤስ.ኤል. 3.0 ከ18 ዓመት በኋላ እንኳ በብዙ ብራውዘሮች ውስጥ ተቀምጦ ነበርና፥ አዲሱን የያዙትም በአሮጌው ምክንያት ለአደጋ ተጋለጡ።

«አሮጌውን ብንዘጋ አሮጌ ስልክ የያዘው ምን ይሁን?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ቅን ነው፤ መፍትሔም አለው። አንድሮይድ ከ4.1 ጀምሮ ቲ.ኤል.ኤስ. 1.2ን ያውቃል፤ ሳይታዘዝ በራሱ የሚጠቀምበት ግን ከ5.0 ወዲህ ነው። እንግዲህ በመካከል ላሉት ስልኮች ሠሪው ጥቂት መስመር ጽፎ ቢያዝ ይበቃል። ኮንስክሪፕት የተባለውን የምስጠራ ኮድ ከመተግበሪያው ጋር ቢያስገባ ደግሞ፥ በ2018 የወጣውን ቲ.ኤል.ኤስ. 1.3ን እንኳ ለአሮጌ ስልክ ማድረስ ይችላል።

የምስጠራው ስልትም በዚሁ ዐይን ይመረጣል። አር.ሲ.4 ፈጣን ነው ተብሎ ብዙ ዘመን ሲሠራበት ከቈየ በኋላ፥ ድካሙ ስለ ታወቀ በ2015 ከቲ.ኤል.ኤስ. ተከለከለ። በርሱ ፈንታ ኤ.ኢ.ኤስ.-ጂ.ሲ.ኤም. አለ፤ ኤ.ኢ.ኤስ.ን የሚያፋጥን መሣሪያ በውስጡ ለሌለው ርካሽ ስልክ ደግሞ ቻቻ20-ፖሊ1305 ሳያዘገየው ያገለግለዋል። ስለዚህ «ለድኻ ስልክ ደካማ ቍልፍ ይበቃዋል» የሚለው ንግግር ከእንግዲህ ምክንያት የለውም። እንዲያውም ደካማው ቍልፍ ሲሰበር መጀመሪያ የሚዘረፈው ያው ድኻ ነው።

የኢንተርኔትን ሥርዐት የሚያወጣው ጉባኤ በ2021 ቲ.ኤል.ኤስ. 1.0ና 1.1 ከአገልግሎት እንዲወጡ ወስኗል። እኛም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የመተግበሪያ ውል ለሚፈርሙ ወጣቶች የምንመክረው አጭር ነገር ነው። ሠሪው «ሥራችን አዲሱን ሁሉ ይቀበላል» ቢላችሁ አትርኩ፤ «እምቢ የሚለውስ የትኛውን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱም ለስልኩ ብቻ ሳይሆን ለሰርቨሩም ጭምር በጽሑፍ ይሰጣችሁ።