ከዛንዚባር በፊት ሐይቅ

ማለዳ ከወልድያ መናኸሪያ የተሳፈረ ሰው አዲስ አበባ ለመድረስ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ከቦሌ ዛንዚባር ደሴት ግን በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። አድካሚው ክፍል አገር ውስጥ ያለው ነው።

ስለዚህ ወልድያ ወይም መርሳ ላይ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ፣ ወይም ውጭ ያለች እህቱ «አንድ ጊዜ እንኳ ዕረፍ፤ እኔ እከፍላለሁ» ያለችው ሰው ደሴት ቢያስብ አያስገርምም። ስልኩ ላይ ነጩን አሸዋ፣ የኮኮናት ዛፉንና አረንጓዴውን ውኃ ሲያይ ከርሟል። ፎቶው የማይነግረው ሁለተኛውን ቀን ነው። የመጀመሪያው ቀን በመደነቅ ያልፋል፤ በሁለተኛው ቀን ከቁርስ በኋላ ምን ይደረጋል?

እዚህ አገር ጉዞ ምክንያት አለው። ሰው ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሕክምና ይንቀሳቀሳል። በጋሸና በኩል ላሊበላ የሚወጣው ለገና ነው፤ ሲመለስም ለጎረቤት የሚያወራው አያጣም። ዘና ያለ ደሴት እንዲህ ያለ ወሬ አያስይዝም። ባሕሩ ትናንት የነበረው ባሕር ነው። ጠዋት ይዋኛል፣ ቀትር ላይ ጥላ ይፈለጋል፣ ማታ አሳ ይበላል፤ በማግሥቱም እንደዚያው። በሦስት ቀን አምስት ቦታ ካላየ ገንዘቡ የባከነ የሚመስለው ተጓዥ በዚህ መሀል ይቁነጠነጣል። እንዲህ ያለው ሰው ምንም ጉድለት የለበትም፤ ለእሱ ግን ጎንደርና አክሱም ከባሕር ዳርቻ ይሻሉታል።

«ወሎዬ እኮ መቀመጥ ያውቃል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። አቦሉ ወርዶ፣ ቶናው ተከትሎ፣ በረካው እስኪጠጣ ድረስ የሚቀመጥ ሕዝብ ቸኮለ አይባልም። ነገር ግን የወሎ መቀመጥ ሰው አለበት። ቡናው ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል፣ ዱዓውና ምርቃቱ አለ፣ ጨዋታው አለ። የባሕር ዳርቻ ሆቴል መቀመጥ ደግሞ በአጥር ውስጥ፣ ስሙን ከማያውቁት እንግዳ አጠገብ ነው። ብዙዎች ደሴት ላይ የሚከብዳቸው ሥራ መፍታቱ ይመስላቸዋል፤ የሚከብዳቸው ግን የሰው ማጣቱ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ያስፈልጋል።

መለያው ደግሞ ቅርብ ነው። ከወልድያ በስሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ አድርጎ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ፣ ከተነሡበት 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። የሐብሩ ማንጎና ፓፓያ መርሳ ላይ ይገዛል። የመንገዱን ሰላም ከመነሣት በፊት መጠየቅ ግድ ነው፤ በጨለማ ለመመለስ ማሰብም አይገባም።

ከከተማው አጠገብ ያለው ሐይቅ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል። የአካባቢው አፈ ታሪክ እንደሚለው አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፣ እሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ። በዚያ ቦታ ላይ ዛሬ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት። ደሴቱ ከጊዜ በኋላ ከየብሱ ጋር ስለተያያዘ አሁን በእግር ይገባበታል። ሴቶች ግን አይገቡም፤ ባልና ሚስት ሆነው የሚሄዱ ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ቀኑ ቅሬታ አይገባበትም።

ፈተናው ከገዳሙ ጉብኝት በኋላ ይጀምራል። አሳ ጥብሱ ከተበላ በኋላ ስልክን ኪስ ውስጥ ከትቶ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ውኃው ዳር መቀመጥ ነው፤ መጀመሪያ ብቻን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከወዳጅ ጋር። ብቻውን ሆኖ ገና በግማሽ ሰዓቱ «እንሂድ» ያሰኘው፣ ከወዳጁ ጋር ግን መምሸቱ ያልታወቀው ሰው መልሱን አግኝቷል። ለደሴት ይሆናል፤ ብቻውን አይሂድ፣ በአጥር በተከለለ ሆቴልም አይረፍ። ሁለቱንም ቀን የተቁነጠነጠ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ጉዞ ያቆየው።

ሰው ለሚወድ ተጓዥ ዛንዚባር ውስጥ የሚመቸው የድሮው ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ስቶን ታውን በየቤቱ ደጃፍ «ባራዛ» የሚባል የድንጋይ መደብ አለው። ጎረቤት እዚያ ተቀምጦ ያወራል፣ በትናንሽ ስኒ መራራ ቡና ይጠጣል፣ ዶሚኖ ይጫወታል። ወሎዬ ይህን ሲያይ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። ማታ ደግሞ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ምግብ ሻጮች ይደረደራሉ፣ የከተማው ሰው ከነልጆቹ ይወጣል።

ውኃውን ብቻ ብሎ የሚሄድ ስለ ባሕሩ መሸሽና መመለስ ይጠይቅ። በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄና በጃምቢያኒ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ እጅግ ይሸሻል፤ ለሰዓታት አይዋኙበትም። በዚያ ሰዓት የባሕር አረም የሚያለሙ ሴቶች እርጥቡ አሸዋ ላይ ወርደው ይሠራሉ። ሰሜን ጫፍ ያለው ኑንግዊ መሸሹ ያነሰ ነው። ሙቀቱም የመርሳ ዓይነት ደረቅ አይደለም፤ ወበቅ አለው፣ ልብስ ከሰውነት ላይ ይጣበቃል። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ በከተማው ውስጥ ትከሻና ጉልበት ሸፍኖ መሄድ ለአገሬው አክብሮት ነው፤ ይህ ለወሎ ሰው አዲስ ትምህርት አይሆንበትም።

ወረቀቱም አለ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር የክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጎብኚ የዛንዚባርን የጉዞ መድን ይገዛል፤ ሲጀመር ዋጋው 44 ዶላር ነበር።

ጊዜውን በተመለከተ መምህራን ዕድለኞች ናቸው። ከባዱ የደሴቱ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ እኛ ክረምት ስንገባ እዚያ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለው ወራት ይሆናል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መሄድ ይቻላል ማለት ነው። ነሐሴ ላይ ፍልሰታ ያገኘው ተጓዥም አይራብም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራውን ቦሎቄ «ማሃራጌ ያ ናዚ» ብሎ ከሩዝ ጋር ይዘዝ።