የመጨረሻው የትኛው ነው? ከድርድር የመጨረሻውን አባል ስለ ማውጣት፤ በሐርላ የአፈር ንብርብሮች ምሳሌነት

በድሬዳዋ አቅራቢያ በምትገኘው ሐርላ፣ በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የተመራ ቡድን ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር በመተባበር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ አካሂዷል። በቁፋሮው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ መቃብሮችና የጌጣጌጥ መሥሪያ ቅሪቶች ተገኝተዋል። የሬድዮካርቦን ልኬቶችም ስፍራው ከ6ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የኖረበት መሆኑን አመልክተዋል።

እንዲህ ያለ የረጅም ዘመን ስፍራ ታሪኩ የሚነበበው ከአፈር ንብርብሮች ተራ ነው። መዝገቡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ይህን ተራ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ድርድር (አሬይ) ይሆናል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የድርድርን የመጨረሻ አባል የማውጣትን ተግባር ማብራራት ሲሆን፣ «የመጨረሻ» የሚለው ቃል ለቋንቋው የቦታ፣ ለተመራማሪው ግን የትርጉም ጥያቄ መሆኑንም ያሳያል። ከዚህ በታች ያለው የአምስት ንብርብር መዝገብ ለማስረጃነት የተሰናዳ እንጂ ከሐርላ መዝገብ የተወሰደ አይደለም።

1. የቁጥሩ መነሻ

በአብዛኞቹ ቋንቋዎች የድርድር ቁጥር የሚጀምረው ከ0 ነው። ኤድስኸር ዳይክስትራ በ1982 እ.ኤ.አ. በጻፈው አጭር ማስታወሻ እንዳስረዳው፣ ከ0 ሲጀመር የአንድ ድርድር ቁጥሮች ከ0 ጀምሮ ከርዝመቱ በታች ያሉት ሁሉ ይሆናሉ። ስለዚህ አምስት ንብርብሮች ከ0 እስከ 4 ይቆጠራሉ፤ የመጨረሻው አባል የሚገኘውም በ«ርዝመት − 1» ነው። በሲና በጃቫ የተለመደው መንገድ ይህ ነው። ከ1 በሚጀምሩት በፎርትራንና በአር ግን የመጨረሻው ቁጥር በተለምዶ ከርዝመቱ ጋር እኩል ነው።

ፓይተን ከኋላ ለመቁጠር አሉታዊ ቁጥር ይቀበላል። የፓይተን 3 የስያሜ ደንብ የግዕዝ ፊደልን ስለሚፈቅድ፣ ንብርብሮች[-1] ብሎ መጻፍ ትክክለኛ ኮድ ሲሆን የመጨረሻውን አባል ይመልሳል። በአር ግን ይኸው አጻጻፍ የመጀመሪያውን አባል አስቀርቶ የቀሩትን ሁሉ ይሰጣል። በሁለቱም ቋንቋዎች የሚሠራ ተመራማሪ ይህን ልዩነት ካላስተዋለ፣ አንድ ንብርብር ጠይቆ አራት ይቀበላል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ በቅንፍ ውስጥ −1 ሲጻፍ «ያልተተረጎመ» ዋጋ ይመልሳል፤ ከኋላ የሚቆጥረው «አት» የተባለው ስልት በቋንቋው መስፈርት የገባው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው።

2. ባዶ ድርድር

አንድ የቁፋሮ ጉድጓድ ገና ካልተመዘገበ ድርድሩ ባዶ ነው፤ «ርዝመት − 1» ደግሞ −1 ይሆናል። ጃቫና ፓይተን በዚህ ጊዜ ስሕተት አሳውቀው ይቆማሉ። በሲ ግን ከድርድሩ ክልል ውጭ ያለ የማህደረ ትውስታ ቦታ ሊነበብና ትርጉም የለሽ ቁጥር እንደ መረጃ ሊወሰድ ይችላል። ረስት ሌላ መንገድ ይከተላል፤ የመጨረሻውን አባል የሚያወጣው ተግባሩ «አለ» ወይም «የለም» የሚል ምላሽ ስለሚሰጥ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ለሁለቱም ሁኔታ አስቀድሞ እንዲያስብ ይገደዳል።

3. ድምፅ የሌለው ስሕተት

ከሁሉም የሚከፋው ፕሮግራሙን የማያቆም ስሕተት ነው። እያንዳንዱን ንብርብር ከላዩ ካለው ጋር ማነጻጸር ተፈለገ እንበል። የንብርብር 3 የበላይ 2፣ የ2 የበላይ 1 ስለሆነ ቀመሩ «ቁጥሩ ሲቀነስ 1» ይሆናል። የላይኛው አፈር ቁጥር ግን 0 ነው፤ 0 ሲቀነስ 1 ደግሞ −1። ፓይተን ይህን እንደ ስሕተት አይቆጥረውም፤ የመጨረሻውን አባል፣ ማለትም የጥልቁን ንብርብር ይመልሳል። በዚህም የዛሬው የእርሻ አፈር ከሁሉ በሚያረጀው ንብርብር ሥር የተቀበረ ሆኖ ይመዘገባል። በዚህ ተራ ላይ የተመሠረተ የዘመን ስሌት የተዛባ ውጤት ቢያመጣ፣ ጥፋቱ የሚፈለገው ከናሙናው ወይም ከቤተ ሙከራው እንጂ ከአንዲት የቅነሳ ምልክት ላይሆን ይችላል። መፍትሔው ንጽጽሩን ከቁጥር 1 መጀመር ነው።

4. የቦታ መጨረሻና የዘመን መጨረሻ

ኒኮላስ ስቴኖ በ1669 እ.ኤ.አ. ባስቀመጠው መርሕ መሠረት፣ ካልተናወጠ በቀር የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። ቆፋሪ ግን የሚጀምረው ከላይ ነው። ስለሆነም በቁፋሮ ቅደም ተከተል በተሞላ ድርድር ውስጥ የመጨረሻው አባል በዘመን የመጀመሪያው ነው። ያው መዝገብ ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ቢደረደር፣ ያው ትእዛዝ የቅርቡን ዘመን ያወጣል። ኮዱ አልተለወጠም፤ መልሱ ግን ዘመናት ይራራቃል። በኋላ ዘመን የተቆፈረ መቃብር የቆዩ ንብርብሮችን ሰንጥቆ ሲወርድ ደግሞ ጥልቀትና ዕድሜ ጨርሶ ሊለያዩ ይችላሉ።

ከዚህ ሦስት የአሠራር ደንቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የመጨረሻውን አባል ከመጠየቅ በፊት ድርድሩ ባዶ አለመሆኑ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ ድርድሩ በምን ተራ እንደ ተሞላ ከመረጃው ጋር አብሮ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የተፈለገው ጥንታዊው ወይም የቅርቡ ከሆነ፣ በቦታ ቁጥር ሳይሆን በዘመኑ ዋጋ ይፈለግ። ቋንቋው የሚያውቀው በድርድሩ ጫፍ ያለውን አባል ብቻ ነው፤ ያ ጫፍ የ6ኛው ይሁን የ15ኛው ክፍለ ዘመን የመወሰን ኃላፊነት የተመራማሪው ነው።