ቾኩን አትንቀሉት

«ቾክ ለአውሮፓ በረዶ የተሠራ ዕቃ ነው፤ እኛ አገር ቤንዚን ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም፤ አስነቅሉት» የሚል ምክር ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ይህን የሰሙ የቮልስና የላዳ ባለቤቶች ክዳኑ ክፍት ሆኖ እንዲቀር በሽቦ ያስጠፍሩታል፤ ጨርሰው የሚያስነቅሉትም አሉ። ምክሩ ስህተት ነው፤ ዋጋው ደግሞ ሞተር ነው።

ካርቡሬተር አየርና ቤንዚን የሚደባለቁበት ዕቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ቾክ በካርቡሬተሩ አፍ ላይ የተቀመጠ ቀጭን ክዳን ነው። ሲዘጋ አየሩ ያጥራል፤ የሞተሩ የመሳብ ጉልበት በቤንዚን መርጫው ላይ ያርፍና ቤንዚኑ በብዛት ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለም። የሚዘነጋው፣ ቀዝቃዛ ሞተር ያን ሁሉ ቤንዚን የሚፈልግበት ምክንያት ነው።

ፈሳሽ ቤንዚን አይነድም፤ የሚነደው ተኑ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን አሟልቶ ለማንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይበቃል ሲባል፣ ቤንዚኑ በሙሉ ተንኗል ማለት ነው። ቤንዚን ግን እንደ ውሃ አንድ የመፍያ ነጥብ የለውም። የብዙ ውህዶች ቅልቅል ስለሆነ ቀላሎቹ በ40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲፈሉ ከባዶቹ እስከ 200 ዲግሪ ግድም ይቆያሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ በቀላሉ የሚተኑት እነዚያ ቀላሎቹ ብቻ ናቸው። የቀረው ጠብታ እንደሆነ በመግቢያው ቱቦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። የተነነውም ቢሆን ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ፣ የድስት ክዳን ላይ እንደሚያዝ እንፋሎት ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በዚህ ላይ ትነት ራሱ ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ በካርቡሬተሩ ውስጥ የሚያልፈው ድብልቅ ከውጪው አየር የባሰ ይቀዘቅዛል። ካንዴላው ጋ ያለው አየር ከመቶ 1.4 እጅ ገደማ የቤንዚን ተን ካልያዘ ብልጭታው ቢኖርም እሳት አይነሳም። መፍትሔው አንድ ነው፦ ብዙ አፍስሶ፣ ከብዙው ጥቂቱ እንዲተን ማድረግ። ቾክ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ኢታኖል የተደባለቀበት ቤንዚን ነገሩን ያከብደዋል። ኢታኖል የሚፈላው በ78 ዲግሪ ነው፤ በማለዳ ብርድ ቀድሞ የሚተን ቀላል ክፍል የለውም፤ ለመትነን የሚወስደው ሙቀትም ከቤንዚን ከእጥፍ በላይ ነው።

ቾኩን ያስነቀለ ሰው ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ሞተሪኖውን እያሽከረከረ የቤንዚን ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጣል። ይህ በእግር የተሠራ ቾክ ነው፤ መጠን ግን የለውም። በፔዳሉ የሚረጨው ጥሬ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ስስ የዘይት ሽፋን ያጥበዋል፤ ፋሻው በደረቅ ብረት ላይ ይፋጫል፤ የተረፈው ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥናል። በርግጥ ቾክ ተዘግቶ ከቆየም የሚደርሰው ጉዳት ይኸው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቾክ ለስንት ጊዜ ይዘጋ የሚለው ነው።

የአዲስ አበባ መልስ፦ ፋብሪካው ካሰበው ላጠረ ጊዜ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን ለአየሩ መሳሳት ልክ ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ድብልቁ ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ይወፍራል። የአየር ግፊቱ ማነስም ትነቱን ያግዛል። ብዙ መካኒኮች እዚህ ላይ እንደኔ ካለው ሰው ጋር ይከራከራሉ፤ ከፊል እውነት አላቸው። ስሌቱ የሚይዘው መንገድ ላይ ለሚሠራው ዋናው መርጫ ነው፤ በሚኒሞ ጊዜ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። የነዳጅ ቀዳዳው ለደጋ ከተለወጠ ልዩነቱ ይጠባል። ቀዳዳው በአገልግሎት ከሰፋ ወይም የአየር ማጣሪያው ከቆሸሸ የነሱ ተጽዕኖ ከከፍታው ሊበልጥ ይችላል። ይህ ሁሉ ተጨምሮም፣ «ደጋ ስለሆነ ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ ንዱ» የሚለው ምክር ወፍራሙን ድብልቅ የባሰ ከማወፈር ሌላ ፋይዳ የለውም።

አሁን በእጅ ከሚሳበውና በኤሌክትሪክ ከሚሠራው ቾክ ወደ መምረጡና ወደ ሽቦው አስተሳሰር እንምጣ። የላዳ ቾክ በእጅ የሚሳብ ነው። የአብዛኛው ቮልስ ግን በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ በውስጡ ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ጥቅል ሞላ አለ፤ ኤሌክትሪኩ ሲያሞቀው እየተፈታ ክዳኑን ይከፍታል። ይህ ሞላ የሞተሩን ሙቀት አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን ነው። ስለዚህ የተሰጠው ቮልት ሁሉን ይወስናል። ከእ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል በፊት የነበሩት ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ 12 ሆኑ። የማሞቂያው ኃይል በቮልቱ ካሬ ስለሚያድግ ባለ 6 ቮልቱን ቾክ 12 ላይ ማሰር አራት እጥፍ ማሞቅ ነው፤ ቶሎ ከፍቶ ቶሎ ይቃጠላል። ባለ 12 ቮልቱን 6 ላይ ብታስሩት ደግሞ ሩቡን ኃይል ብቻ ያገኝና ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ይቆያል።

በቮልስ ሽቦው የሚታሰረው ኮይሉ ላይ 15 ቁጥር በተጻፈበት ነው። ይህን አይቶ በሌላ መኪናም ከኮይል ማሰር አደገኛ ልማድ ሆኗል። ከኮይሉ በፊት ሬዚስተር ያለባቸው መኪናዎች አሉ፤ እዚያ የሚደርሰው 8 ቮልት ቢሆን ማሞቂያው ከኃይሉ ከግማሽ በታች ያገኛል፤ ኮይሉም ይራባል። በቀጥታ ከባትሪ ማሰርማ ማታውን ሙሉ ማሞቅ ነው። በቁልፍ የሚበራ መስመርም ጉድለት አለው፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ከቆየ ሞላው ከሞተሩ ቀድሞ ይሞቃል። የተሻለው፣ ዲናሞው ማመንጨት ሲጀምር ብቻ ኃይል የሚሰጥ ሪሌ በፊውዝ ማስገባት ነው።

የኤሌክትሪኩን ቾክ ለማስተካከል፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የሞላውን ሽፋን የያዙትን ሦስት ብሎኖች አላልታችሁ የሽፋኑን ምልክት ከቤቱ መካከለኛ ምልክት ጋር አግጥሙ፤ ለአዲስ አበባ ከዚያ ትንሽ ወደ መክፈቻው ማዞር ይበጃል። የሞላው ጫፍ የክዳኑን ማንሻ መያዙን ሳታረጋግጡ ብሎኖቹን አታጥብቁ። ፔዳሉን አንዴ ረግጣችሁ ስትለቁት ክዳኑ መዘጋት አለበት፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ክዳኑ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተከፍቶ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

መኪናውን አንድ ሰው ብቻ የሚነዳው ከሆነ እኔ በእጅ የሚሳበውን እመርጣለሁ። የኤሌክትሪኩ ሞላ መኪናው ገበያ ዳር ጥቂት ሲቆም ከሞተሩ ቀድሞ ይበርድና ለሞቀ ሞተር ይዘጋል፤ እጅ ግን ሞተሩ መሞቁን ያውቃል። ገመዱ ሳይጠማዘዝ ከማርሚታው ርቆ ይለፍ፤ መያዣው ሲገፋ ክዳኑ እስከ መጨረሻው እንዲከፈት ገመዱ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ይላላ። ሞተሩ እንደተነሳም ግማሹን ወዲያው መግፋት ያስፈልጋል። ሾፌር የሚቀያየርበት መኪና ላይ ግን የኤሌክትሪኩ ይሻላል፤ ሳይገፉት የሚረሱ ይበዛሉና።