ሞተሯ ማን ናት?

አሮጌ ሞተር ሳይክል ወደ ጋራዥ ስትገባ ባለቤቷ ቀድሞ የሚጠይቀው «ትነሳለች?» ብሎ ነው። የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ግን «ማን ናት?» የሚል ነው። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ የሚደርሰውን ጥፋት ጎንደር ውስጥ በዚህ ሙያ የቆየ ሁሉ ያውቀዋል። ማንነቷ ሳይጣራ የተፈታች ሞተር የሌላዋ ፒስተን ይገባባታል፣ የሌላዋ ሰልባትዮ ይጫንባታል፣ የሌላዋ ሊብሬ ይወጣባታል። ተነስታ ትሄድ ይሆናል፤ ብዙ ግን አትሄድም።

ለምን እንደማትሄድ ላሳይ። የቱ ስትሮክ፣ ማለትም የባለ ሁለት ምት ሞተር ሲሊንደር በጎኑ መስኮቶች አሉት፤ ቤንዚንና አየር በእነዚያ ይገባል፣ ጭሱም በእነዚያ ይወጣል። ፒስተኑ ሲመላለስ ዙሪያውን የታጠቀው የብረት ቀለበት፣ ማለትም የፋሻው ሁለት ጫፎች መስኮት ላይ እንዳይውሉ ፋሻው በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ አንዲት ትንሽ ካስማ ተተክላለች፤ ፋሻው እንዳይዞር የምትይዘው እሷ ናት። «ስፋቱ ገጥሟል» ተብሎ የሌላ ሞዴል ፒስተን ሲገባ ካስማዋ ሌላ አቅጣጫ ላይ ትውላለች። የፋሻው ጫፍ መስኮቱ ላይ ይሰነቀርና ይሰበራል፤ ስባሪው ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። በሚሊሜትር የምትለካ ካስማ ሙሉ ሞተር ትጨርሳለች። ስለዚህ ማንነት ማጣራት ጌጥ አይደለም፤ የጥገናው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

ለመሆኑ በእኛ ደጋ የምናገኛቸው አሮጌ ሞተሮች የትኞቹ ናቸው? ሞቶክሮስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በቴሌቪዥን ያየውን፣ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ የሚሽቀዳደመውን ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ግቢ ጥግ ቆመው የምናገኛቸው ግን የዚያ ዘር የሥራ እህቶች ናቸው፦ ያማሃ ዲቲ 125 እና 175፣ ያማሃ ኤጂ 100፣ ሱዙኪ ቲኤፍ 125፣ ከባለ አራት ምቶቹ ደግሞ ሆንዳ ኤክስኤል። የግብርና፣ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ከዳባትና ከደባርቅ መኪና ወደማይደርስባቸው ቀበሌዎች የወጡት በእነሱ ላይ ተቀምጠው ነው።

ዝምድናው እውነተኛ ነው። የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮና በ1957 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሜዳው የከባድ ባለ አራት ምት ሞተሮች ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቼኮዝሎቫኪያው ሲዜድና የስዊድኑ ሁስክቫርና ቀላል ቱ ስትሮክ ይዘው መጡና ከባዶቹን ከሜዳ አስወጡ። ያማሃ በ1968 እ.ኤ.አ. ባለ 250 ሲሲዋን ዲቲ ዋን ለገበያ ሲያቀርብ ያንን ቀላልነት ከውድድር ሜዳ አውጥቶ ለማንኛውም የገጠር መንገድ ተጓዥ አደረሰው። የኛዎቹ ዲቲዎች የእሷ ልጆች ናቸው። ከዚያም ሉሲየን ቲልከንስ የተባለ ቤልጅየማዊ መሐንዲስ ሁለቱን የኋላ አሞርዛተሮች በአንድ ረጅም አሞርዛተር የሚተካ ሐሳብ አመጣ፤ ያማሃ ገዛው። በ1973 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ሃካን አንደርሰን ባለ አንድ አሞርዛተር በሆነችው ያማሃ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

ይህ ታሪክ ለመካኒኩ ጥቅም አለው። ባለ አንዱ አሞርዛተር አሠራር ወደ ዲቲ ሞተሮች መግባት የጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከኋላ ሁለት አሞርዛተር ያላት ዲቲ የቀድሞው ትውልድ ናት፤ አንዱ ከመቀመጫውና ከሰልባትዮው ሥር የተጋደመባት ደግሞ የኋለኛው። ደንቡ ለዲቲ ብቻ ነው የሚሠራው። ኤጂና ቲኤፍ ለእርሻ የተሠሩ ሌላ ዘር ስለሆኑ በእነሱ ላይ ዕድሜ በአሞርዛተር አይቆጠርም። ኤጂን ከዲቲ ለመለየት ካቴናዋን ዙሪያውን የሸፈነውን ሣጥን፣ ከፊትና ከኋላ ያሉትን የጭነት መደርደሪያዎችና በግራም በቀኝም ያሉትን ማቆሚያ እግሮች ማየት ይበቃል።

ከቅርጽ ቀጥሎ ቁጥር ይመጣል። የሻንሲ ቁጥሩ በመሪው አንገት ላይ፣ የሞተር ቁጥሩ በሞተሩ ቤት ላይ ተመትቷል። እዚህ ላይ ችኮላ ትልቅ ጠላት ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ሰው ማስረጃውን እየፋቀ ነው። እኔ ናፍታ በነካ ጨርቅ ደጋግሜ አብስና እንዲደርቅ እተወዋለሁ፤ ከዚያ ጠመኔ በላዩ አሽቼ በመዳፌ ጠረግ ሳደርገው ነጩ በጉድጓዱ ውስጥ ይቀርና ቁጥሩ ይነበባል። ቀጥሎ ባትሪ በጎን አበራበታለሁ። የፋብሪካ ምት ጥልቀቱ እኩል፣ መስመሩም የተስተካከለ ነው። ተፍቆ እንደገና በመዶሻ የተመታ ቁጥር ግን አንዱ ይጠልቃል፣ አንዱ ይንጋደዳል፤ ዙሪያውም የሞረድ ጭረት ይታያል።

ቁጥሩ ሲነበብ ይናገራል። የድሮ ሱዙኪ በቁጥሩ መሐል ካለው ሰረዝ በፊት የሞዴሏን ስም ራሱን ትጽፋለች። የድሮ ሆንዳ ሻንሲዋ ላይ ኤክስኤል 125 ብላ ሞተሯ ላይ ያንኑ ደግማ ኢ የሚል ፊደል ትጨምራለች። ያማሃ በኋለኞቹ ሞዴሎቿ ስሟን ትታ ሦስት ምልክት ያለው ኮድ ታስቀድማለች፤ ፒስተንም ፋሻም ጓርኒሲዮንም የሚታዘዘው በዚያ ኮድ ነው። በሰልባትዮው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ምስክር አይሆንም፤ ተለጣፊ በየገበያው ይሸጣል።

እስካሁን ያልሁት የፋብሪካውን ማንነት ነው። ሁለተኛ ማንነት እንዳለ ያስተማረኝ አንዲት ዲቲ 125 ላይ የሠራሁት ሥራ ነው። ከጨረታ የገዛት ወጣት ይዟት መጣ። «ጋሼ፣ እንደ አዲስ አድርግልኝ። ይኼን የኋላውን ብረት ደግሞ ቁረጥልኝ፤ ያስጠላል» አለኝ። ብረቱ ከመቀመጫው ጀርባ በእጅ የተበየደ፣ ከፌሮ የተሠራ አራት ማዕዘን ነው። የፋብሪካ አይደለም፤ ያ ግልጽ ነው። ቀለሙን ከጎን ሽፋኗ ሥር በምላጭ ቀስ አድርጌ ስገልጠው ከላይ የመሥሪያ ቤት ሰማያዊ፣ ከሥሩ የአንድ ፕሮጀክት ነጭ፣ ከታች የፋብሪካው ቀለም ተደራርቦ ታየ። ሥራውን ለጊዜው አቆምሁት።

ጡረታ የወጡ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያ ከመንገድ አይተዋት ገቡ። ብረቱን በእጃቸው ዳሰሱና «ይቺማ የክትባት በረዶ ሣጥን የምታስርባት ናት» አሉኝ። «በጭቃው ወራት ሣጥኑ በገመድ ብቻ አልቆም ሲል መካኒኩ በየደልኝ። ቀበሌው እስኪደረስ በረዶው እንዳይቀልጥ ሌሊት ነበር የምንነሳ።»

የሚያወሩት ስለ ከብት ደስታ በሽታ ነበር። የመላ አፍሪካ የደስታ በሽታ ማጥፊያ ዘመቻ የተባለው በ1986 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ይኸው ነው። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ የአገራችንን በሬና ላም ጨርሶ የክፉ ቀንን ረሃብ ያመጣውም እሱ ነበር። እንግዲህ ያስጠላል የተባለው ብረት ያንን ክትባት ተሸክሞ ዳገት የወጣ ነው። ለወጣቱ ይህን ሁሉ ነገርሁት። ብረቱ ቀረ፤ ብየዳው የላላበትን ብቻ አጠናከርሁ።

ታዲያ የተጨመረ ሁሉ ይቅር ማለቴ ነው? አይደለም። መልሱን ከተማችን ራሷ ታስተምራለች። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፋሲል ግቢን ሕንጻዎች ሲጠግን ሲሚንቶና የብረት አርማታ አስገባ። የነገሥታቱ ግንበኞች የሠሩበት ኖራ የሚተነፍስ ነው፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አምቆ ድንጋዩን ይጎዳል። ስለዚህ ኋላ የመጡት ጠጋኞች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ መመለስ ነበረባቸው። ሲሚንቶውም «ታሪክ» ነው ብሎ የሚሟገት ሊኖር ይችላል፤ ግን የተሸከመውን ነገር የሚያፈርስ ታሪክ ቦታው ግድግዳው ላይ ሳይሆን መዝገብ ውስጥ ነው። የእኔም ደንብ ይኸው ሆኗል፦ ያገለገለና የማይጎዳ ጭማሪ ይቆያል፤ የሚጎዳና የሚዋሽ ይወጣል። የክትባቱ ብረት ይቆያል። በሲሊኮን የተለሰነ ጓርኒሲዮን፣ በሽቦ የታሰረ ማርሚታ፣ ተፍቆ የተመታ ቁጥርና የሌላ ሞዴል ፒስተን ይወጣሉ።

ሦስተኛው ማንነት የቦታ ነው። ፋብሪካው ካርቡሬተሩን ያስተካከለው ለዝቅተኛ አገር አየር ነው። ጎንደር ከተማ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ደባርቅ 2,850 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ወደ 71 በመቶ ይጠጋል። የብዋሂትን ተራራ አቋርጦ ወደ ጃናሞራ በሚያልፈው መንገድ ላይ ደግሞ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ሞተሯ ትታፈናለች፣ ካንዴላዋ ረጥቦ ይጠቁራል፣ ማርሚታዋ በጥቀርሻ ይደፈናል። ብዙ ጊዜ «ደክማለች፣ ሲሊንደር ትፈልጋለች» ተብላ የምትመጣ ሞተር የሚያስፈልጋት ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሾልከውን የነሐስ ብሎን ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች መቀየር ብቻ ነው። ቁጥሯ ራሷ ላይ ተጽፏል። ቀይረን ነድተን ካንዴላውን ስንፈታው ገለባ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው።

ግን ማንም ሰው የደባርቅን ልክ ይዞ ሊማሊሞን አይውረድ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወረድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሯ ትግላለች። በዚያ ላይ ቱ ስትሮክ ዘይቷን የምታገኘው ከሚገባው ቤንዚንና አየር ጋር ነው። ቁልቁለቱን ጋዝ ዘግተው በማርሽ ብቻ ሲይዟት፣ ጎማው ሞተሯን በኃይል እያዞራት ዘይት ግን እምብዛም አይደርሳትም። ፒስተኗ ሲሊንደሩን ነክሶ ድንገት የሚቆመው፣ የኋላ ጎማውም የሚታሰረው በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ነው። ለሚወርዱ ሁሉ የምመክረው ሰፋ ያለችውን ብሎን ቀድመው እንዲያስገቡ፣ ሲወርዱም በየመሐሉ ጋዝ እየሰጡ ሞተሯን እንዲያጠጧት፣ ፍሬኑንም ሳያግሉ እያረፉ እንዲሄዱ ነው።

ስለ ቶርኖ ቤቶቻችን አንድ ነገር ልበል። ያለቀ ሲሊንደር ላይ አዲስ ካሚቻ፣ ማለትም የውስጥ ሽፋን፣ የሚያስገቡ ጎበዞች አሉን። ለባለ አራት ምት ሥራው ክብ ማድረግ ነው። ለቱ ስትሮክ ግን መስኮቶቹ በቁመትም በስፋትም እንደ ነበሩ መውጣት አለባቸው፤ አንድ ሚሊሜትር ከፍ ቢሉ የዳገት ሞተር የሜዳ ሞተር ትሆናለች፣ ከታች ጉልበት ታጣለች። እኔ አሮጌው ካሚቻ ሳይወጣ ወረቀት ውስጡ አስገብቼ የመስኮቶቹን ቅርጽ በእርሳስ አነሳለሁ። ወረቀቱን ለቶርኖ ባለሙያው አብሬ እሰጣለሁ። ሥራው የሚያምረው ሁለታችን አንድ ወረቀት ስናይ ነው።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። በየጽሕፈት ቤቱ ግቢ ዝናብ የሚመታቸው እነዚህ ሞተሮች በማስወገጃ ጨረታ በጅምላ ሲሸጡ፣ ብዙዎቹ የሚገዙት በብረት ዋጋ ነው። ተቆራርጠው ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ። ከእነሱ ጋር የሚሄደው በዚህ ደጋ ጤናና ግብርና እንዴት በየቤቱ እንደደረሰ የሚመሰክር ዕቃ ነው። ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተባት፣ የጤና ባለሙያን ለገጠር ያሰለጠነች ከተማ ናት። የዚያን አገልግሎት መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍት እናገኛለን፤ ተሸካሚውን ግን በጨረታ እየሸጥን ነው።

ስለዚህ ንብረት አስወጋጅ ለሆናችሁ ወንድሞችና እህቶች ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከጨረታው በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ይመዝገብ፤ የትኛው ሥራ ላይ፣ በየትኛው ወረዳ እንደነበረች በአንድ መስመር ይጻፍ፤ የነዳት ሰው በሕይወት ካለ ይጠየቅ። ከእያንዳንዱ ሞዴል አንዷ ሳትቆረጥ ለዩኒቨርሲቲው ወይም ለቴክኒክ ኮሌጅ ትሰጥ። ተማሪ ባለ ሁለት ምት ሞተርን በእጁ ፈትቶ የሚማርባት መሣሪያም ትሆነዋለች። እኔም ጠግኜ ለማስረክባት ሞተር ሁሉ ሦስቱን መልሶች፣ የፋብሪካዋን፣ የሥራዋንና የከፍታዋን፣ ጽፌ ከሊብሬዋ ጋር አያይዛለሁ። ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ አይጀምር፤ የማንን ፒስተን እንደሚያዝዝ፣ የትኛውን ብረት እንደማይቆርጥ አውቆ ቁልፉን ያንሳ።