እጮኛሞቹን ያኮራረፈው ግድግዳ

እጮኛሞች የሚጣሉባቸውን ሰበቦች እናንተም አሳምራችሁ ታውቃላችሁ፤ ቅናት፣ ገንዘብ፣ የአማት ጣልቃ ገብነት፣ "ያ የድሮው ልጅ ለምን ደወለ?"… የዛሬው ግን ለየት ይላል። ሁለት የሚዋደዱ ወጣቶች በሲሚንቶ ምክንያት ሦስት ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈው ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? መሀል ገብተው ካሸማገሉት አንዱ እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ከሥሩ አውቀዋለሁ። ስማቸውን ግን እንደተለመደው አልጠራም።

እሱ የሕንፃ መሐንዲስ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ሲሆን አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ከተማው ውስጥ ያቆመውን እያንዳንዱን ፎቅ በጣቱ እየጠቆመ የሚያሳይ ዓይነት ልጅ። እሷ ባንክ ትሠራለች። አባቷ የአምባሰል ሰው ናቸው። አምባሰል ሲባል ቅኝቱ ብቻ ትዝ የሚላችሁ ካላችሁ፣ አገሩ ደቡብ ወሎ ነው፤ ዋና ከተማው ውጫሌ፣ ያ ውል የተፈረመበት ውጫሌ። አባቷ ክርስትና የተነሱባት ቤተ ክርስቲያን ከመንገዱ ወጣ ብላ ጉብታ ላይ ያለች ክብ ቤት ናት። መሠረቷ ድንጋይ፣ ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ።

አዲስ አበባ ያሉት የአካባቢው ተወላጆች ቤተ ክርስቲያኗን "ለማደስ" ገንዘብ አሰባሰቡ። ጠቡን ያመጣው ይቺው "ማደስ" የምትባል ቃል ናት። ልጁ ለእጮኛው ወገኖች ውለታ ልዋል ብሎ ፕላኑን በነፃ ሠራ። በስብሰባው ቀን ሲዘረጋው አዳራሹ አጨበጨበ፤ የአርማታ ምሰሶ፣ የብሎኬት ግድግዳ፣ አልሙኒየም መስኮት፣ የሚያብረቀርቅ መስታወት። አሮጌዋ ትፈርሳለች ማለት ነው። በጭብጨባው መሀል ልጅቷ እጇን አወጣችና፣ "ይቺ እኮ አባቴ የተጠመቀባት አይደለችም" አለች። እሱ በሰው ፊት አሳፈረችኝ አለ፤ እሷ አልገባህም አለች። በዚያው ተለያዩ።

እኔ ሽምግልና ስጠየቅ አንድ ሐሳብ አመጣሁ፤ ቦታውን ሳናይ አንፈርድም፣ ሦስታችንም እንሂድ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ 30 ያህል ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ስትነዱ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። ሁለቱ መኪና ውስጥ የተነጋገሩት "ውሃ አለ?" "የለም" ብቻ ነበር።

ሐይቅ ላይ አደርን። ጠዋት ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን፤ ድሮ ደሴት የነበረ፣ ዛሬ ከየብሱ የተያያዘ ቦታ ነው። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ልጅቷ ከውጭ ቀረች። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጥተው ገዳሙን ትልቅ የትምህርት ቤት ያደረጉበት ስፍራ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። በ1273 ዓ.ም. ገደማ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በአገራችን ዘመናቸው በእርግጠኝነት ከታወቁት ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ ነው። ይህን ስነግረው ነገሬ ወዴት እንደሚሄድ ገባውና ሳቀ። "ቆዳና ቀለም ሰባት መቶ ዓመት ቆየ ልትለኝ ነው አይደል? ብራና ዝናብ አይዘንብበትም፤ ግድግዳ ይዘንብበታል" አለኝ። እውነቱን ነው። ቢሆንም በጉዞው የመጀመሪያዋ ሳቅ ስለነበረች ደስ አለኝ።

አምባሰል ስንደርስ ያገኘናቸው ሽማግሌ የመንደሩን ቤት ሁሉ የመረጉ እስላም አባት ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑንም ግድግዳ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሲጠግኑ ኖረዋል፤ ወሎ ላይ ይኼ ማንንም አያስገርምም። "አባባ፣ ይቺ ቤት ትቆማለች ወይ?" አለቻቸው ልጅቷ። "አብሽሪ ልጄ፣ ነይ ላሳይሽ" ብለው በምርኩዛቸው ሁለት ግድግዳ መቱልን። በሰሜን በኩል ያለውን ሲመቱት ድምፁ ድፍን ነው። በምዕራብ በኩል ያለውን ሲመቱት "ድው… ድው…" አለ፤ እንደ ባዶ ጋን።

የምዕራቡን ግድግዳ ከዓመታት በፊት ደግ አሳቢ ሰዎች ቤቱን "ለማጠንከር" ብለው በሲሚንቶ ለስነውት ነበር። ሽማግሌው ተሰንጥቆ የነበረውን አንድ ልጥፍ በጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት እንደ ሰሌን ተገንጥሎ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ ረጥቦ ፈርሷል፤ ማገሩ በእጅ ይፈረፈራል። "ላስቲክ አለበሱት" አሉ ሽማግሌው። መሐንዲሱ ዝም አለ። ቆይቶ ግን ራሱ አስረዳን፤ ጭቃ እርጥበት ሲስብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ደግሞ ግትር ነው፣ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ያጣና ውስጥ ውስጡን እንጨቱን ያበሰብሳል። ከውጭ ግን ግድግዳው ያማረ ይመስላል። (እንዲህ ያለ ትዳርም አለ፤ እሱን ሌላ ቀን እንጫወታለን።)

ይኼ የአንድ መንደር ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የጎንደር ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሲጠግናቸው ሲሚንቶና አርማታ ጨመረባቸው፤ ከዚያ በኋላ በዩኔስኮ እገዛ ጥገና ሲደረግ ወደ ኖራው ተመለሱ። ላሊበላም እንዲሁ። በ1940ዎቹ በእኛ አቆጣጠር አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ ሬንጅ መሰል ነገር ተቀብተው ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጡት ባለሙያዎች ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ያንን ቅብ ከድንጋዩ ላይ መላጥ ነበር። አስቡት እንግዲህ፣ ለማዳን የተቀባውን ለማዳን ሲባል መላጥ!

በ2017 ዓ.ም. የፋሲል ግንብ ታድሶ ሲገለጥ መልኩ ፈክቶ በመውጣቱ ማኅበራዊ ሚዲያው እንዴት እንደተንጫጫ ታስታውሳላችሁ። ጠቡ ሁሉ ስለ ቀለሙ ነበር። በእኔ ግምት ከቀለሙ በፊት መጠየቅ የነበረበት ልስኑ ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ኖራ ከሆነ ድንጋዩ ውስጥ የገባውን እርጥበት ያስወጣዋል፤ ቀለሙም በዝናብና በፀሐይ ይበርዳል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። መሐንዲሱ በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚሸነፍ ሰው አይደለም። ማታ ውጫሌ ሻይ እየጠጣን ሁለት ጥያቄ አመጣ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንደኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ወሎ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው የተቀመጠው። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የተነሳው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። "ድንጋይ በጭቃ ብቻ ደርድረህ ምእመናን ታስገባበታለህ? ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?" አለ። ሁለተኛው እንጨቱ ነው። የድሮ ሰዎች ጥድና ወይራ ቆርጠው ሠሩ፤ ዛሬ ጥዱ የቀረው እዚያው የቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ምስጥ ይበላዋል። "ቤተ ክርስቲያኗን ለማደስ የቤተ ክርስቲያኗን ደን ትቆርጣላችሁ?"

ወይ ጉድ! እሷም እኔም ዝም አልን። "የጥንቱ ሁሉ ጥሩ ነው" የሚሉ ሰዎች ይኼን ጥያቄ መሸሽ ይወዳሉ። ጭቃ ቤት ሥራ አለበት፤ መቦካት፣ መረገጥ፣ ከክረምት በኋላ እንደገና መመረግ። ያንን ጭቃ ስታቦካ የኖረች እናት ብሎኬት ቢያምራት ማን ይፈርድባታል?

መልሱን ግን ሰው ሞክሮታል። ለመንቀጥቀጡ የእኛው አባቶች በድንጋዩ መሀል የእንጨት መቀነት ያስገቡ ነበር፤ ላስታ የሚገኘው ይምርሐነ ክርስቶስ የታነጸው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተደረገ ነው። (እሱስ ዋሻ ውስጥ ስለሆነ ዝናብ አያውቅም ብትሉ አልከራከርም።) ለእንጨቱ እጥረት ደግሞ የቡርኪና ፋሶውን ፍራንሲስ ኬሬን ተመልከቱ። በተወለደበት በጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ሲሠራ የአካባቢውን ሸክላ አፈር በጥቂት ሲሚንቶ አጠንክሮ ጡብ አደረገው፤ ቆርቆሮውን ከግድግዳው ከፍ አድርጎ ሰቀለው፣ ሙቀቱ በመሀል እንዲወጣ። ያ ሰው እ.ኤ.አ. በ2022 የሥነ ሕንፃው ዓለም ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን፣ ሲወስድ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር። ሩቅ ነው ካላችሁ መካኒሳ ሂዱ፤ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ጭቃው ላይ የተሠራውን ጌጥ ስታዩ ጭቃን የድህነት ምልክት ማድረጋችን ያሳፍራችኋል። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ "የጭቃ ቤት ነው እኮ!" ሲሉ የሰማኋቸው ጓደኞቼ እዚያ ቢሄዱ ደስ ይለኛል።

መሐንዲሱን ያለሰለሰው ግን ጥበብ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሲሚንቶ ከሙገር፣ ከደርባ ወይም ከለሚ ተጭኖ አምባሰል እስኪደርስ ጭነቱ ብቻ ስንት ነው? አፈሩና ድንጋዩ እግራችሁ ሥር ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ እስከ 1450 ዲግሪ ሙቀት ይጋገራል፤ ለኖራ 900 ገደማ ይበቃል። ኖራው ግድግዳ ላይ ሲደርቅም ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ይጠነክራል። በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ100 ከ7 እስከ 8 ያህሉ ከሲሚንቶ ሥራ ነው የሚመጣው። የዓለሙ ነገር ሩቅ ቢመስለን እንኳ ለዚያ ሁሉ ጭነትና ቃጠሎ የሚከፈለው ብር የተዋጣው ከታክሲ ሾፌሩ፣ ከፀጉር ሠሪዋ፣ ቤይሩት ካለችው እህት ነው።

እናንተም የትውልድ አገራችሁ ማኅበር አባል ከሆናችሁና "እናድሰው" የሚል ስብሰባ ከተጠራ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት እጃችሁን አውጡ። መጀመሪያ ውሃው በየት እንደሚገባ ይታይ። የጭቃ ግድግዳ ጠላቱ ውሃ ነው፤ ከላይ የጣራ ቀዳዳ፣ ከታች የመሠረቱ እርጥበት። ብዙ ጊዜ ጣራውን ማስረዘም፣ አሸንዳ መስቀልና ዙሪያውን ቦይ መቆፈር ግማሹን በሽታ ያድናል። ሲሚንቶ የተለሰነበት ጭቃ ግድግዳ ካለ በጥንቃቄ ይላጥ። ኖራ የሚነካ ሰው ዓይኑንና እጁን ይሸፍን፤ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲያገኝ ይፈላል፣ ይለበልባል። ደግሞም ቅርስ ከሆነ ሕግ አለ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ መጠገን አይቻልም፤ ማፍረስማ አይነሳም። ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዶ መጠየቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ፕላን የሚያወጣው ባለሙያም ከመንደሩ መራጊ ጋር አንድ ቀን ይዋል።

የእኛ መሐንዲስ ሁለት ቀን ዋለ። ሽማግሌው የጤፍ ጭዱን ከጭቃው ጋር እያስረገጡ ስንት ቀን መቦካት እንዳለበት ሲነግሩት በስልኩ ሲጽፍ አየሁት። አዲስ አበባ ተመልሶ ሁለተኛ ፕላን ሠራ። አሮጌው ግድግዳ አይፈርስም፤ የምዕራቡ ብቻ ተከፍቶ የበሰበሰው ማገር ይቀየራል፣ በሁለት ረድፍ የእንጨት መቀነት ይታሰራል፣ ከውጭ ኖራ ይለሰናል፣ ዙሪያውን የድንጋይ ቦይ ይዞራል። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚሆን አዲስ አዳራሽ ጎን ላይ በታመቀ የአፈር ብሎኬት ይሠራል፤ የእሱ መሠረት አርማታ ነው። በወጪ ከመጀመሪያው ፕላን ያነሰ ሆነ። ማኅበሩ ግን ሁሉም አላጨበጨበም። አንድ ትልቅ ሰው "ገንዘብ ያዋጣነው ለጭቃ ነው እንዴ?" ብለው ተቆጥተው ወጥተዋል፤ ሰውየው ካዋጡት ብዙ ያዋጡ ስለሆኑ ጉዳዩ እንደገና ለስብሰባ ተቀጥሯል።

እጮኛሞቹ ይነጋገራሉ። ለአዳራሹ የመረጠውን አልሙኒየም መስኮት ግን እሷ አልተቀበለችውም፤ እንጨት ይሁን ትላለች፣ እሱ ደግሞ የማን ደን ተቆርጦ ይላል። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።