ሰንጠረዡ ውስጥ የሌለው ቁጥር

የባንክ ሒሳባችንን እንቅስቃሴ በስልክ ስንከፍት «ቀጣይ ገጽ» የሚለውን እየተጫንን ወደ ኋላ እንሄዳለን። ዳታቤዙ ከ21ኛው እስከ 30ኛው ያሉትን ረድፎች ቆጥሮ ይልክልናል። ሰንጠረዡ ውስጥ ግን 21ኛ ረድፍ የሚባል ነገር የለም። ቁጥሩ የወረፋ ቁጥር ነው፤ ሰልፉ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ሰንጠረዥን እንደ ስብስብ ነው ያየው፤ ስብስብ ደግሞ ፊትና ኋላ የለውም። ስለዚህ በኤስኪውኤል «ኦርደር ባይ» ብለን ቅደም ተከተሉን ካላዘዝን፣ ዳታቤዙ እንደተመቸው ቢያቀርብ አይወቀስም።

ኦራክል ላይ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው ሮውነም በሚባለው የረድፍ ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር የሚሰጠው ረድፎቹ ከመደርደራቸው በፊት፣ ገና ሲጣሩ ነው። «ሮውነም ከ10 የሚበልጠውን አምጣ» ብትሉት፣ ሰንጠረዡ ሚሊዮን ረድፍ ቢኖረውም ባዶ እጃችሁን ይመልሳችኋል። የመጀመሪያው ረድፍ 1 ይባላል፤ 1 ከ10 ስለማይበልጥ ይጣላል። ተከታዩም ያንኑ 1 ይወርስና እሱም ይጣላል። 2 የሚደርስ ረድፍ የለም! መውጫው በውስጠኛው ጥያቄ ደርድሮና ቆጥሮ በውጪኛው ማጣራት ነበር፤ በ2013 የወጣው የኦራክል 12ሲ እትም «ኦፍሴት» (ዝለል) እና «ፌች»ን (አምጣ) ይዞ መጥቶ ከዚህ ገላገለ።

በ2003ቱ የኤስኪውኤል ስታንዳርድ የገባው «ሮው ነምበር» የተባለው ቆጣሪ ከሮውነም የበለጠ ሐቀኛ ነው፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚቆጥር እዚያው ይነገረዋል። ማይኤስኪውኤል ይህን ያገኘው በ2018፣ በ8.0 ነው።

ኦፍሴት ግን ዋጋ ያስከፍላል። «100,000 ዝለልና 10 ስጠኝ» የተባለ ዳታቤዝ የሚዘለሉትንም አንድ በአንድ አልፎ ነው የሚደርሰው። በመሐል ከላይ አዲስ ረድፍ ከገባ ደግሞ ተጠቃሚው ቅድም ያየውን ረድፍ በቀጣዩ ገጽ ደግሞ ያገኘዋል። መጨረሻ የታየውን መለያ ቁጥር ይዞ «ከዚህ በታች ያሉትን 10 አምጣ» ማለት ይሻላል፤ ኢንዴክስ ካለ በቀጥታ ቦታው ላይ ያርፋል። ወደ 57ኛው ገጽ በአንዴ መዝለል አይቻልም እርግጥ፤ ለመሆኑ 57ኛ ገጽ የሚፈልገው ማን ነው?

የትኛውንም መንገድ ብትመርጡ፣ የ«ኦርደር ባይ» መጨረሻ ላይ የማይደገም መለያ ቁጥር መጨመር አትርሱ። በቀን ብቻ ከደረደራችሁ፣ ቀናቸው እኩል ከሆኑት ረድፎች አንዱ ሁለት ገጽ ላይ ሊታይ፣ ሌላው ጭራሽ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።